ያቃናሁት ዓይን

ባለፈው እሑድ አንድ ጀማሪ አጠገቤ ተቀምጦ እጄን ሲያይ ቆየና «እዚህ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገረው አልኩና ተውኩት። ልጁ ገና ብሩሽ መግዛቱ ነው፤ ምን በወጣው። ለእናንተ ግን እነግራችኋለሁ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ አውራ ጣት የሚያህል ግራጫ የፕላስቲክ ሰው አለ። ከነሰይፉ፣ ከነጋሻው የተቀረጸ። ተረት ውስጥ የምናውቀው ዓይነት ፍጡር ነው፤ ጠንቋይ፣ ዘንዶ ገዳይ፣ ጆሮው የሾለ ቀስተኛ። ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጦርነት ይጫወቱበታል። እኔ ደግሞ ቀለም እቀባዋለሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ቡራዩ እኖራለሁ። ሚስቴ ስለ እኔ ስትጠየቅ «ሥዕል ይሞክራል» ትላለች። አሻንጉሊት ይቀባል ማለት አፍራ ነው። አልፈርድባትም።

የጀመርኩት በሐኪም ትእዛዝ ነው። የምሠራው ሱሉልታ፣ አንድ የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዬ ቆሞ ማየት ነው። ጠርሙስ ከፊቴ ያልፋል፤ ክዳኑ የተንጋደደውን፣ ወገቡ የተጣመመውን እየለቀምኩ አወጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠማማ ስፈልግ ኖርኩ። ከዚያ ደም ግፊት መጣ። ሐኪሙ «እጅህን የሚያስይዝ፣ ልብህን የሚያሳርፍ ነገር ፈልግ» አለኝ። ይህን ለሚስቴ ወንድም ብነግረው፣ በረከት ከሚባል ጓደኛው ጋር አገናኘኝ።

በረከት የወላይታ ልጅ ነው። ሰበታ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጨርቅ ቀለም ይቀምማል። እሑድ ከቸርች መልስ ፉሪ በተከራያት ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሰው ሰብስቦ ቀለም መቀባት ያስተምራል፤ እሱ ራሱ ከስልኩ ቪዲዮ እያየ የተማረ ነው። መጀመሪያ ቀን አንድ ወጣት ጎራዴኛ ሰጠኝ። እኔም ቀለሙን ከነውፍረቱ ከብልቃጡ ወደ ሰውየው አሻገርኩት። በረከት አየና «ወንድሜ፣ ጌታ ይባርክህ፣ ይሄ ገንፎ ነው» አለኝ።

ሰውየው ጉንጩ ጥርሱን እንደታመመ ሰው አብጦ፣ ጣቶቹ ተጣብቀው ቀሩ። የባሰው ግን ዓይኑ ነው። ትንፋሼን ይዤ የቀኙን ነጥብ በደኅና አሳረፍኩ። የግራው ላይ እጄ ተንቀጠቀጠና ነጥቡ ሸሽቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። በአንድ ዓይኑ እኔን፣ በሌላው የገፈርሳን ግድብ የሚያይ ጎራዴኛ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ጎረቤቴ ኦቦ ድሪባ ናቸው። ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ቤት ሳይሠራበት እርሻቸው ነበር ይባላል፤ አሁን የቀራቸው ግቢያቸውና አንድ ባሕር ዛፍ ነው። በማግስቱ ጎራዴኛውን አጥሩ ላይ ፀሐይ አስመትቼው አዩት። አነሡት። ለረጅም ጊዜ እጃቸው ላይ አቆዩት።

«ይሄን ስጠኝ» አሉ።

«እሱማ የተበላሸ ነው ኦቦ። ስለምድ ደኅናውን እሰጥዎታለሁ።»

«ደኅናውን ለራስህ አድርገው። ይሄን ስጠኝ፣ ኢልመ ኮ።»

ኢልመ ኮ ልጄ ማለት ነው። ሰጠኋቸው። ሳሎናቸው ካለው ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ፊት አቆሙት።

እኔም መማሬን ቀጠልኩ። እውነቴን ነው፣ ጥሩ ተማሪ ወጣኝ። ቀለም በውኃ ቀጥኖ ወተት እስኪመስል መጠበቅ እንዳለበት ገባኝ። አንዴ ወፍራም ከመለጠፍ ሁለቴ ስስ መቀባት፣ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛውን አለመንካት። ጥቁሩን አቅጥኖ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ማፍሰስ፤ ጥላ ይሆናል። ብሩሹን በጨርቅ ጠርጎ፣ ሊደርቅ ሲል ጠርዝ ጠርዙን መዳበስ፤ ብርሃን ይሆናል። ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ዓይን መሥራትም ቻልኩ። በዓመቱ በረከት የእኔን ሥራ አንሥቶ ለጀማሪዎች «እንዲህ ነው» ማለት ጀመረ። ደም ግፊቴም ወረደ። ምን ጎደለኝ ትላላችሁ?

የጎደለኝማ ሰላም ነው። ለእንቁጣጣሽ ኦቦ ድሪባን እንኳን አደረሰዎ ልል ገባሁ። ሌሎች እንግዶች ነበሩ። አንዷ ሴትዮ ቡፌውን እያየች «ይሄን ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀች። ኦቦ በኩራት ወደ እኔ ጠቆሙ። ሴትዮዋ ሳቀች። በክፋት አይደለም፤ ግን ሳቀች። ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ጠማማ ስለቅም የኖርኩ ሰውዬ፣ የራሴ ጠማማ ቡፌ ውስጥ ቆሞ ስሜን ያጠፋል።

እንግዶቹ ሲወጡ «ኦቦ፣ እሱን ሰውዬ ልውሰደውና ላድስልዎ» አልኳቸው።

«ምን ሆነ?»

«አቧራ ይዟል።»

«አቧራውን ብቻ ከሆነ ውሰድ» አሉኝ።

ልብ በሉ፤ አቧራውን ብቻ ነው ያሉኝ። እኔ ቤቴ ወስጄ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ገንፎው ሲላላ በጥርስ ብሩሽ ፈተግሁት። ፕላስቲኩ ግራጫውን ይዞ እንደ ገና ተወለደ። ከዚያ ያለኝን ሁሉ አፈሰስኩበት፤ ሰይፉ ላይ ብርሃን፣ ካባው ላይ ጥላ፣ ጣቶቹ አንድ በአንድ። ዓይኖቹ ደግሞ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት የሚያዩ። በሕይወቴ እንዲያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱ። ገልብጠው እግሩን ሳይቀር አዩ።

«ያማረ ነው» አሉ። «የእኔውስ የታለ?»

«እሱ ነው ኦቦ። እሱኑ ነው ያሳመርኩልዎ።»

ጓዳ ገብተው አንድ ጉርድ ፎቶ ይዘው ተመለሱ። ገመቹ የሚባል ልጅ እንደነበራቸው፣ እኔ ወደ ሰፈሩ ከመግባቴ በፊት የሚነዳው አይሱዙ ተገልብጦ እንደሞተ ሰምቻለሁ። መልኩን ግን አይቼ አላውቅም። ፎቶው ላይ ሁለት ዓይኖቹ ቀጥ ብለው የሚያዩ መልከ መልካም ወጣት አለ።

«ገመቹ የግራ ዓይኑ ሸውራራ ነበር» አሉኝ። «ሲወለድም እንደዚያው ነው። ሲያናግርህ በር በሩን የሚያይ ይመስልሃል። የቀረኝ ፎቶ ይሄ ብቻ ነው። ፎቶ ቤቱ በኮምፒውተር አስተካከልኩልህ ብሎ ደስ ብሎት ሰጠኝ። እኔም ምን ልበል፣ አመስግኜ ተቀበልኩ።» ጎራዴኛውን ከፎቶው ጎን ጠረጴዛው ላይ አቆሙት። «አሁን ደግሞ አንተ።»

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሰው እንዲህ ላለው ነገር ይቅርታ ሲጠይቅ ምን እንደሚል እኔ እስካሁን አላውቅም። መልሼ እንደ ድሮው አደርገዋለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ማበላሸት ምን ያቅታል? ከበረከት ያንኑ ዓይነት ጎራዴኛ እየለመንኩ አሥራ ሁለት ቀባሁ። ቀለሙን ሳላቀጥን ለጠፍኩ። ክርኔን ከጠረጴዛው አነሣሁ። በግራ እጄ ሁሉ ሞከርኩ። ግን እጄ ተምሯል። ነጥቡ ወደ ጆሮ ሲሸሽ እንኳ በልክ ይሸሻል። ሆን ብሎ የጠመመ ዓይን ያስታውቃል፤ የሚያሾፍ እንጂ የሚያይ አይመስልም። በረከት አሥራ ሁለተኛውን አንሥቶ «ይሄማ ልዩ ነው፣ እንዴት አድርገህ አጣመምከው?» አለኝ። ፎቶ አንሥቶ ለሁሉም አሳየ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ መጣሁ።

እሱኑ ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ፤ አዩት፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ሆነሃል» አሉኝ። ቡፌው ውስጥ ግን አላስገቡትም።

ዛሬ ጠዋት ለሥራ ስወጣ በራቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኳቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ እንደማያውቁት የመንግሥት ሠራተኛ «እንደምን አደሩ?» አሉኝ።

አደሩ። የአባቴ እኩያ ናቸው።