መስቀል የገፋች ልጅ

በእኛ አገር ልጅ የወላጁ ብቻ አይደለም፤ እንደ ከተማችን ሐይቅ ዳር የሁሉ ነው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ጉንጩን ቆንጥጦ፣ ግንባሩን ስሞ፣ ጸጉሩን አሻሽቶ ይሄዳል። ለአዋቂ ሰው እንዲህ ቢደረግ ፖሊስ ይጠራል። ልጅ ግን ደስ ሊለው ይገባል። ደስ ካላለው አስተዳደጉ ተበላሽቷል፣ አለዚያም ዓይን በልቶታል፣ አለዚያም ከዚህ የባሰ ነገር ይዞታል። ምናልባት ልጁ መነካት አይወድ ይሆን? ይህን ማን ያስባል?

ይህን ያነሣሁት በፍቅር ምክንያት ነው። ፍቅር የእህቴ ልጅ የማስተዋል ልጅ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ሊስማት የተጠጋውን ሁሉ የምትነክስ ልጅ ፍቅር መባሏ ያስቃል፤ ግን አይፈረድም፣ ስሙ ሲወጣላት ጥርስ አልነበራትም።

የካልሲ ስፌት እግሯን ያቃጥላታል። የባጃጅ ጥሩምባ ሲጮህ ጆሮዋን ይዛ መሬት ትቀመጣለች፤ ዓባይ ማዶን በመሰለ ባጃጅ የሞላበት ሰፈር እየኖሩ ጥሩምባ መጥላት ደግሞ ዓሣ ሆኖ ውኃ እንደ መጥላት ነው። ሹሩባ አታሠራም። ሽሮው ጎመኑን ከነካው ምሳው አበቃለት። ጸጉሯ ላይ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ እንደ ፍም ነው የሚሰማት። መዋዕለ ሕፃናቱ ሁለት ጊዜ ወደ ቤት መልሷታል፤ በሁለተኛው ጊዜ አስተማሪዋ ክንዷ ላይ የጥርስ ምልክት ይዛ ነበር።

ግን ይህችው ልጅ ቧንቧው ውስጥ ውኃ ሲመጣ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድማ ትሰማለች። «መጣ» ትላለች፤ እኛ ጀሪካን ይዘን ስንሮጥ ጎረቤቱ ገና ተኝቷል። ሐይቁ ዳር ወስጃት እንደሆነ ውኃው ድንጋዩን ሲልስ እያዳመጠች አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። በሕይወቴ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ግን ከእሷ በቀር አላጋጠመኝም።

እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በብርድ አገር ኖሬ፣ ከዕቃዬ ይልቅ መጽሐፌ በዝቶ የተመለስሁ አሮጊት ነኝ። ዘመዶቼ «መራራ ናት» ይሉኛል። ግራዋም መራራ ነው፤ ጋን የሚታጠበው ግን በእሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ። አንድ ቀን የቤቱ የነፍስ አባት፣ አባ ጽጌ፣ እንደ ልማዳቸው ቤቱን ሊባርኩ መጡ። የቤቱን ሰው በየተራ መስቀል አሳለሙ፤ አንድ ጊዜ ግንባር፣ አንድ ጊዜ ከንፈር። ተራው የፍቅር ሆነ። ማለዳ ነበር፣ መስቀሉ የናስ ነው። ግንባሯን ገና ሲነካት ልጅቷ ጮኸች፣ መስቀሉን በእጇ ገፋችው፣ ከአባ እጅ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ ተንቃጨለ። እሷ ሶፋው ሥር ገባች።

መጀመሪያ የተናገረችው የፍቅር አባት እናት፣ ወይዘሮ የሻረግ ናት። «አያችሁት» አለች ቀስ ብላ፣ «መስቀል ሲያይ ነው የሚጮኸው።» የምትጮኸው አላለችም፤ የሚጮኸው አለች። በአንዲት ቃል የልጅ ልጇን ከገዛ ሰውነቷ አስወጥታ ቤቱን ለጋኔን አከራየችው።

ከዚያ የሻረግ ፍርድ አወጣች፤ ሁለት ሱባኤ ጠበል። አሥራ አራት ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ከራስ ላይ። ለማን? የዝናብ ጠብታ ለሚያቃጥላት ልጅ። አባትየው ለመስክ ሥራ ሄዷል፤ በስልክ «እናቴ እንዳለች» አለ። ማስተዋል ቀን ቢሮ፣ ማታ ከልጇ ጋር ስትታገል የከረመች ሴት ናትና ደክሟታል። «አክስቴ» አለችኝ፣ «ልጄ ሌላ ሰው ሆና እንድትመለስ አልፈልግም። ግን እኔም እንዲህ ሆኜ እስከ መቼ?» ይህን ስትል እጇ የልጇን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ያጥፍ ነበር። ሻንጣው በር ሥር ተቀመጠ፤ ከጎኑ ባዶ ቢጫ ጀሪካን።

እኔ ታዲያ ዝም እላለሁ? ያነበብሁትን ሁሉ ሰብስቤ ለወይዘሮ የሻረግ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረግሁ። የአንዳንድ ልጅ ቆዳና ጆሮ ከእኛ ይልቅ እንደሚሰማ፣ እኛ የምናንሾካሹከው ለእነሱ ጩኸት እንደሆነ፣ ልጅቷ ጥጋብም ጋኔንም እንደሌለባት አስረዳሁ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብዬም በተረት አሰርሁት። ጠበል ጠላሁ አላልሁም፤ አያያዙን ነው ያልሁት።

እኔና የሻረግ በደኅናው ጊዜ አንቺ እንባባላለን፤ አንቱ የምንባባለው ስንጣላ ነው። «እርስዎ ውጭ አገር ስንት ልጅ ወለዱ?» አለችኝ። አንድም እንዳልወለድሁ ታውቃለች። አልወለድሁም አልሁ። «እንግዲያማ» አለች፣ «መጽሐፍ አይናከስም።» እኔ ሠላሳ ዓመት ያነበብሁትን እሷ በሁለት ቃል ዘጋችው።

ጠበል ግን ያለ ነፍስ አባት ፈቃድ አይኬድም። አባ ጽጌ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጥተው መንገዱን እንዲባርኩ ተላከባቸው። እኔም ለእሳቸው ሌላ ንግግር፣ ከቀድሞው የረዘመ፣ አዘጋጅቼ ጠበቅሁ። ከቄስ ጋር ሙግት የገጠመ ሰው ያውቃል፤ ሊቃውንቱን ሁሉ ከኋላቸው አሰልፈው ነው የሚቀመጡት።

መጡ። ልጅቷ ድምፃቸውን ሰምታ ቀድማ ሶፋው ሥር ገብታለች። አባ አልጠሯትም፣ ጎንበስ ብለውም አላዩዋትም። ተቀምጠው ማስተዋልን ጠየቋት፤ ልብስ ሲያለብሷት ታለቅሳለች? አዎ፣ የካልሲው ስፌት። ከበሮ ሲመታስ? ጥምቀት ዕለት ከአባቷ ትከሻ ልትወድቅ ነበር። አባ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አቋቋም ስንማር አንድ ጓደኛ ነበረን» አሉ። «ጸናጽል ሲንሿሿ ጆሮውን ይዞ ጫካ ይገባል። እኛ ሰይጣን አለበት ብለን እንሸሸው ነበር። የኔታ ግን አንድ ቀን ጠርተው ‹አንተ ለዚህ አልተፈጠርህም› አሉና ቅኔ ቤት ላኩት። እዚያ ጸጥ ያለ ነው። ከሁላችን በላይ ሆኖ ወጣ። ሰይጣን ቅኔ ከቻለማ ደግሞ የእኛ ጥፋት ነው፣ አስተምረነዋል።»

የሻረግ ልትስቅ ፈልጋ ተወችው።

አባ ቀጠሉ። «ያ መስቀል ናስ ነው። ጧት ጧት እኔንም ይቀዘቅዘኛል፤ እሷ እንደ እኔ ስላላፈረች ጮኸች እንጂ።» ከኪሳቸው አንድ ትንሽ የእንጨት መስቀል አወጡ። በርጩማ ላይ አስቀመጡና በርጩማውን በእግራቸው ወደ ሶፋው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ስለ እምቦጭ ጠየቁኝ። ሐይቁን የወረረው አረም በውጭ አገርም አለ ወይ? ስለ እምቦጭ የማውቀው ነገር የለም፤ ግን የዚያን ዕለት ያህል ስለ አረም ተናግሬ አላውቅም። ሁላችንም እምቦጭን እያማን በዓይናችን ጠርዝ ሶፋውን እንመለከታለን።

መጀመሪያ አንዲት እጅ ወጣች። ቀጥሎ አፍንጫ። አሸተተችው። በጣቷ ጠርዙን ተከትላ ሄደች፣ ገለበጠችው፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። እንጨት ነው፣ በብዙ ዘመን እጅ የለሰለሰ፣ ከኪስ የወጣ ስለሆነ ሞቅ ያለ። ከዚያ ግንባሯን አስነካችው፤ ከዚያ ከንፈሯን። ማንም አላዘዛትም፤ ያን ቀን ሰው ሲሳለም አይታለች፣ ያ ነው። ማስተዋል ስለ እምቦጭ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

የእኔ ረጅም ንግግር ሥራ ፈት ሆነ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብሁት አባ በአንዲት በርጩማ ሊጨርሱት ነው? ቅር አላለኝም ብል ሐሰት ነው።

አባ ሲነሡ ልጅቷ መስቀሉን አልሰጥም አለች። «ለእሷ ይሁን» አሉና ጠበሉን በተመለከተ «ይህች ልጅ ውኃ አያስፈልጋትም፤ ቀስ የሚል ሰው ነው የሚያስፈልጋት» ብለው ወጡ። ማስተዋል ሻንጣውን ፈታች። ጀሪካኑንም ወደ ቧንቧው መለሰችው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ መስሏችኋል። የሻረግን አታውቋትማ። ሴትዮዋ ተሸነፍሁ ብላ የምትቀመጥ አይደለችም፤ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ አዲስ ፍርድ ይዛ ተነሣች። ሕፃን ልጅ ማንም ሳያዛት መስቀል ከተሳለመች፣ ከእጇም አልለይ ካላት፣ ይህ የተመረጠች ልጅ ምልክት ነው። እሑድ ጧት ጋኔን የነበረባት ልጅ ሰኞ ጧት ቅድስት ሆና ተገኘች። በሁለቱ መካከል ልጅ ብቻ ሆና የምትውልበት አንድ ቀን አልተገኘላትም።

ቁርስ ላይ የሻረግ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። ጉልበቷን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያማት ኖሯል። ፍቅር ፊት ቀስ ብላ ተንበረከከችና «ዳብሺኝ እመቤቴ» አለቻት። ልጅቷ ቂጣዋን አስቀመጠች። አያቷን አየቻት፣ በመካከላቸው ያለውን ቦታ ለካችው። ከዚያ ክንዷን የሚደርሰውን ያህል ዘርግታ፣ ወደ ኋላዋ ሸሸት ብላ፣ በመስቀሉ ጫፍ የአያቷን ጉልበት ነካ አደረገችውና ጥርት ባለ ድምፅ «አትንኪኝ» አለች።

የሻረግ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» አለች።

ይህችኑ ቃል እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬያለሁ፤ አንድ እንኳ አሜን ያለኝ የለም።