አምፖሉ የጠላው ፎርማን

[አዲስ መንገድ። የተነጠፈበት አስፋልት ሳይሆን የሶላር ሰሌዳ ነው፤ ላዩ ላይ ፀሐይ እያረፈበት መብራት ይሰጣል የተባለለት። ለጊዜው ሽቦ የተቀጠለላት መሀል ላይ ያለችው አንዲት ሰሌዳ ብቻ ናት፤ እሷም የምታበራው ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን አንድ አምፖል ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ኃላፊው መጥተው አምፖሉ በርቶ ካዩት ፎርማኑ የመንገዱ ዋና ተቆጣጣሪ ሆኖ ይሾማል። ሠራተኞቹ "ሊቁ" ይሉታል፤ ሁሉን ስለሚያውቅ ሳይሆን አላውቅም ብሎ ስለማያውቅ ነው። ሰው እንዳይረግጣት ብሎ ራሱ ሰሌዳዋ ላይ ቆሟል፤ ትልቅ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ። አጠገቡ የሚስቱ ወንድም ጫማውን በእጁ ይዞ ቆሟል።]

ሊቁ፦ ካልሲህንም አውልቅ አልኩህ።

አማቹ፦ ጋሼ፣ ይሄ መንገድ አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ መንገድ ነው።

አማቹ፦ መንገድ ደግሞ ይረገጣል።

ሊቁ፦ ይሄ የሚረገጥ መንገድ አይደለም። ከተረገጠ ጥላ ያርፍበታል፤ ጥላ ካረፈበት መብራት የለም።

አማቹ፦ እና መኪናው በየት ይሂድ?

ሊቁ፦ ማታ ይሂድ።

አማቹ፦ ማታማ ጨለማ ነው።

ሊቁ፦ ቀን የተጠራቀመው ይበራለታላ።

አማቹ፦ እሺ፣ ማታ አምፖሉ መንገዱ ላይ ሲያበራበት፣ መንገዱ መብራት ይሰጣል?

ሊቁ፦ (አስቦበት አያውቅም) እንዴታ።

አማቹ፦ ያ መብራት ደግሞ አምፖሉን ያበራዋል?

ሊቁ፦ ሳይቋረጥ።

አማቹ፦ ታዲያ ፀሐይዋ ለምን አስፈለገች?

ሊቁ፦ ለማስነሻ ነዋ። መኪናስ አንዳንዴ ተገፍቶ አይደል የሚነሳው? አሁን ዝም ብለህ አምፖሉን እይ። በራ?

አማቹ፦ አልበራም።

ሊቁ፦ አንድ ቦታ ጥላ አለ ማለት ነው። ፈልግ።

አማቹ፦ (ዙሪያውን አይቶ) ያ ውሻ ጥላ አለው።

ሊቁ፦ የቱ?

አማቹ፦ እዚያ መታጠፊያው ጋ የተኛው።

ሊቁ፦ ጥላ አይናቅም። አንተ ታስደነብረዋለህ፤ እኔ በዘዴ ላስነሳው።

[ጃንጥላውን እንደያዘ ይሄዳል። አምፖሉ ቦግ ይላል።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ በራ።

ሊቁ፦ (እየሮጠ መጥቶ ቦታው ላይ ይቆማል፤ አምፖሉ ይጠፋል) የታለ?

አማቹ፦ አሁን በርቶ ነበር።

ሊቁ፦ ቁርስ አልበላህም?

አማቹ፦ በልቻለሁ።

ሊቁ፦ እንግዲያው ጥጋብ ነው። (ቀና ብሎ) ያ ፎቁ ላይ የተሰጣው አንሶላ ይታይሃል? ነፋስ ቢያወዛውዘው ጥላው እዚህ ድረስ ይመጣል።

አማቹ፦ ነፋስ የለም እኮ።

ሊቁ፦ እስኪመጣ ልጠብቅ?

[ሄዶ ደጅ ላይ ከአንሶላው ባለቤት ጋር ይጨቃጨቃል። ሴትዮዋ እሱን እየረገመች አንሶላውን ታወርዳለች። አምፖሉ ግን ሊቁ ገና ጀርባውን ሲሰጥ ነው የበራው።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ በራ፣ ቶሎ ና። ወይ ደግሞ አትምጣ።

ሊቁ፦ (ደርሶ ይቆማል፤ ይጠፋል) እያሾፍክብኝ ነው?

አማቹ፦ እናቴ ትሙት።

ሊቁ፦ አማቴን አትግደልብኝ። በራስህ ማል።

አማቹ፦ ጋሼ፣ እንዳትቀየመኝ እንጂ አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። አምፖሉ አንተን አይወድህም።

ሊቁ፦ ምን?

አማቹ፦ ስትሄድ ይበራል፣ ስትመጣ ይጠፋል። እኔም የሒሳብ አስተማሪያችን ሲመጣ እንደዚያ ነበር የማደርገው።

ሊቁ፦ አምፖል ይወዳል ይጠላል እንዴ፣ አንተ ድንጋይ? ይሄ ሳይንስ ነው።

አማቹ፦ ሌላ ሰው መስለህ ብትመጣስ? ሄልሜትህን አውልቅና የኋሊት እየተራመድክ ና። ላያውቅህ ይችላል።

[ሊቁ ሊሰድበው አፉን ከፍቶ ሰዓቱን ያያል። ለሚስቱ ገና ድሮ "ተሾሜያለሁ" ብሏታል፤ እሷም ጎረቤት አላስቀረችም። ዛሬ ካልበራ ቤቱ መግባቱም ጭንቅ ነው። ሄልሜቱን ያወልቃል፤ ራቅ ብሎ ይሄድና ጃንጥላውን እንደዘረጋ የኋሊት ይመጣል።]

አማቹ፦ በርቷል። ና። በርቷል። ቀስ በል። አሁንም በርቷል። (ሊቁ ሰሌዳዋ ላይ ይወጣል፤ አምፖሉ ይጠፋል) አወቀህ።

ሊቁ፦ ስማ፣ ይሄ አምፖል ካልበራ ከነገ ጀምሮ አንተን እዚህ አላይህም። የእህትህን ፊት አይቼ ነው የቀጠርኩህ። አሁን ኃላፊው ስለሚደርሱ ላይኛው መግቢያ ጋ ሄጄ ልቀበላቸው።

አማቹ፦ በታች በኩል ቢመጡስ?

ሊቁ፦ ኃላፊ በታች በኩል መጥቶ አያውቅም።

[ጃንጥላውን እንደዘረጋ ወደ ላይ ይሄዳል። አምፖሉ ይበራል። ብዙም ሳይቆይ በታች በኩል መኪና መጥቶ ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ወርደው አምፖሉን ያያሉ፤ ከአማቹ ጋር ያወራሉ፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ይሄዳሉ። ሊቁ ላብ በላብ ሆኖ ሲመለስ የመኪናዋ አቧራ ብቻ ቀርቷል።]

ሊቁ፦ ቀሩ መሰለኝ።

አማቹ፦ መጥተው ሄዱ።

ሊቁ፦ ሄዱ? በርቶ አዩት?

አማቹ፦ ፍክት ብሎ። ዓይናቸውን እስኪጋርዱ።

ሊቁ፦ (ደረቱን እየነፋ) አላልኩህም? እኔንስ ጠየቁ?

አማቹ፦ "ፎርማኑስ?" አሉኝ። እሱ ካለ አይበራም አልኳቸው።

ሊቁ፦ ምን አልካቸው?

አማቹ፦ የሆነውን ነዋ። "ምን ያህል ሲርቅ ነው የሚበራው?" አሉኝ። እየራቀ በሄደ ቁጥር አስተማማኝ ነው አልኳቸው።

ሊቁ፦ ሹመቴስ?

አማቹ፦ አለ እንጂ። በረሃው ጫፍ ላይ አስፋልት የሚነጠፍ መንገድ አላቸው። "እዚያ ሄዶ ዋና ተቆጣጣሪ ይሁን፤ መብራት የሚባል ነገር የለበትም" አሉ።

ሊቁ፦ ለእህትህ ምን ልበላት?

አማቹ፦ አትጨነቅ፣ ደውዬ ነግሬያታለሁ። ሁለታችንም ስላደግን ደስ ብሏታል። ሻንጣህን እያዘጋጀች ነው።

ሊቁ፦ ሁለታችንም?

አማቹ፦ እዚህ በአንተ ቦታ እኔን ተክተዋል።

ሊቁ፦ አንተን? ስለ ሶላር ምን ታውቃለህና?

አማቹ፦ ምንም። ግን እኔ እያለሁ ይበራል።

[ሊቁ ሊያንቀው ሲንደረደር ሰሌዳዋ ላይ ይወጣል። አምፖሉ ይጠፋል። ዝቅ ብሎ እግሩ ሥር የተነጠፈውን ክብ ጥላ ያያል፤ ቀና ብሎ ጃንጥላውን ያያል።]

ሊቁ፦ ጥላው... የኔ ነው እንዴ?

አማቹ፦ ጋሼ፣ እሱን እዚያ ማዶ ሆነህ አስብበት። እኔ ሥራ ላይ ነኝ።