የስንብት ተናጋሪው አቶ ወልደጻድቅ

መሥሪያ ቤት የተባለ ሁሉ፣ ሰው በጡረታ ሲሰናበት ማንም ሳይጠራው ተነሥቶ ንግግር የሚያደርግ አንድ ሰው አያጣም። ድሬዳዋ ለሚገኘው ለእኛ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት የደረሱት የመዝገብ ቤቱ ሹም ክቡር አቶ ወልደጻድቅ ናቸው።

«ክቡራንና ክቡራት፣ አላስረዝምም» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ ሳንቡሳው ይቀዘቅዛል፣ ለስላሳው ይሞቃል፣ ላቡ ኮሌታችንን ያርሰዋል፤ እሳቸው ግን ገና ተሰናባቹ የተቀጠረበት ዘመን ላይ ናቸው። ንግግራቸውም የለቅሶ ቤት ነው። መካኒኩ ገብረ መድኅን ሲሰናበት «ደግ ሰው ነበር፤ እጁም ወርቅ ነበር» እያሉ ድምፃቸውን ቢያንቀጠቅጡ፣ ሚስቱ ወይዘሮ በለጠች አላስችላቸው ብሎ «ኧረ አለ፣ ይኸው እዚህ ተቀምጧል» አሉ። እሳቸው «አመሰግናለሁ እመቤቴ» ብለው ቀጠሉ። እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። ዕድሜውን ሙሉ መኪና ሥር ተኝቶ የኖረ ሰው፣ የመጨረሻ ቀኑን እንኳ በቁሙ እየተለቀሰለት ያሳልፍ?

ባለፈው ሳምንት ተራው የዘበኛው የወርሳሜ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ «ለዘበኛ ግብዣ አይደረግም» አሉ፤ በቃ። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ያን በር የጠበቀ ሰው፣ ቁልፉን አስረክቦ እንደ መንገደኛ ሊወጣ ነው። ሁላችንም በየክፍላችን ተቃጠልን፤ ደፍሮ የተናገረ ግን አልነበረም።

በመውጫ ሰዓት የሥራ አስኪያጁ መኪና ወደ ከዚራ ሰፈር ሊሄድ በሩ ዘንድ ሲደርስ፣ አቶ ወልደጻድቅ ከረባታቸውን አስረው መንገዱ መሐል ቆመዋል።

«ክቡራንና ክቡራት፣ አላስረዝምም።»

ከየክፍላችን ወጥተን ከበብናቸው። እሳቸውም ወርሳሜ የደቻቱ ወንዝ የሞላ ጊዜ ጎርፍ ውስጥ ገብቶ ያወጣቸውን ሹፌሮች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠሩ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «በሩን ክፈት» አሉ።

ወርሳሜ እንደ ከተማው ልማድ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «ዋሪያ» ነው የሚለው። ቁልፉን እንደያዘ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ዋሪያ፣ ትንሽ ቆይ» አላቸው። «ይሄ ሰውዬ ስለኔ ነው የሚያወራው።»

ሥራ አስኪያጁ ጥቂት አመነቱና ከመኪናቸው ወርደው ከእኛ ጋር ቆሙ። አቶ ወልደጻድቅ ላባቸውን ሊጠርጉ ዝም ሲሉ፣ የጨረሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።