ጋሼ ይቀነሳል እና የስምንት ሰው ጠረጴዛ

የደመወዝ ግብር ሊቀነስ ነው የሚል ወሬ ገና ሳይጣራ የቅናሹን ገንዘብ አጥፍቶ የሚያድር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። እኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው እሱ ራሱ ነው።

በማተሚያ ቤታችን ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት የመጽሐፍ ጥረዛ ክፍሉ አንጋፋ፣ ክቡር ጋሼ ይቀነሳል ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን "ይቀነሳል!" ከአፋቸው ስለማይጠፋ ስማቸው ሆኖ ቀረ። እጃቸው መጽሐፍ ይሰፋል፣ ጆሯቸው ራዲዮ ላይ ነው። አንድ ቀን ስለ ግብር ሲወራ ተመስጠው የአንድ ልቦለድ መጨረሻ ምዕራፍ መጀመሪያው ላይ ጠረዙት። ሲነገራቸው "አንባቢው ቶሎ ይገላገል" ብለው አለፉት።

አንድ ጊዜ በወሬ ብቻ አዲስ ጫማ ገዙ። ወሬው ውሸት ሆነ፤ ጫማው ግን እውነት ሆኖ ቀረ። ግብር ሲጨምር ደግሞ መጀመሪያ ጋዜጣ፣ ቀጥሎ ፀጉር መቆረጥ ያቆማሉ። የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ የመንግሥትን ውሳኔ የሚያውቀው ከሳቸው ጭንቅላት ነው።

አምና ግብር ሲጨምር የሁሉም እጅ አጠረ። ክፉኛ የተጎዳው ከማተሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አናጢ ነበር። ሠራተኞቹን አሰናብቶ፣ የእንጨት መላጊያ ማሽኑን ለመሸጥ ገዢ ይፈልግ ጀመር። ዘንድሮ ግን ራዲዮው በእርግጥ ግብር መቀነሱን ተናገረ። ጋሼ መርፌያቸውን ጥለው ተነሡ።

"አላልኩም? ይቀነሳል አላልኩም?"

ምሳቸውን እንኳ ሳይበሉ መንገዱን ተሻግረው አናጢው ዘንድ ገቡ።

"ማሽኑን ልትሸጥ ነው አሉ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ? ሰው አንድ በርጩማ እንኳ ማዘዝ ትቷል። ወሩ ሲያልቅ እዘጋለሁ።"

"ዝም በል! ጠረጴዛ ሥራልኝ። የስምንት ሰው።"

"ቤትዎ ስንት ናችሁ?"

"እኔና ባለቤቴ። ምን አገባህ?"

ተመልሰው ደግሞ እኛን ያዙን። "ግብር የተቀነሰላችሁ ፍራሽ ሥር እንድትደብቁት ነው? እናንተ ካልገዛችሁት እሱ አይሸጥም። እሱ ካልሸጠ ለልጆቹ መጽሐፍ አይገዛም። መጽሐፍ ካልተገዛ እኔ ምን ልጠርዝ ነው? የናንተን ምላስ?"

ከንዝንዛቸው ለመገላገል ዘበኛው አልጋ አዘዘ፣ አራሚው መደርደሪያ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ለምትወልደው ልጅ አልጋ። በሳምንቱ የመጋዙ ድምፅ ተመለሰ። ጋሼ በየጊዜው በመስኮት እያዩ፣ አገር ያቀኑ ያህል ደረታቸውን ይነፉ ነበር።

የደመወዝ ቀን ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀስ ብላ ጠራቻቸው።

"ጋሼ፣ ቅናሹ ደመወዛቸው ዝቅ ላለ ነው። እርስዎ አምና እድገት ሲያገኙ ጣሪያውን ለጥቂት አልፈውታል።"

"ሌሎቹስ?"

"ለሁሉም ደርሷቸዋል።"

ጋሼ ክው አሉ። ትዕዛዙን ሊሰርዙ ቀጥ ብለው መንገዱን ተሻገሩ። አናጢው ሠራተኞቹን መልሶ ጠረጴዛውን በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለሰ አገኙት።

"ጋሼ! ማሽኑን መሸጤን ተውኩት እኮ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ጋሼ ጠረጴዛውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። "ማዕዘኑን ደህና አድርገህ አለስልሰው" ብለው ተመለሱ።

ጠረጴዛው ቤታቸው ደጃፍ በደረሰ ቀን በበሩ አልገባ አለ። በቁሙ ሞከሩት፣ በጎኑ ሞከሩት። አስተማሪዋ ባለቤታቸው እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆዩና "የኔ ጌታ፣ እንግዲህ ወይ ግድግዳው ይቀነሳል፣ ወይ ጠረጴዛው" አሉ።

ቅናሹ ለጋሼ እንዳልደረሰ ሒሳብ ሠራተኛዋ ቀድማ ሹክ ብላን ስለነበር፣ ከደረሰን ቅናሽ ላይ አዋጥተን ጠረጴዛውን ከሳቸው ላይ ለጥረዛ ክፍሉ ገዛነው። "የምሳ መብያ ቸግሮን ነው" አልናቸው። ያመኑን መሰሉ፤ ዓይናቸውን ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

አሁን ሁላችንም ምሳ የምንበላው እዚያ ላይ ነው። ጋሼ ራስጌው ላይ ተቀምጠው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጠረጴዛውን መታ መታ እያደረጉ "በቅናሹ የተገዛ ነው!" ይላሉ። የሚያርማቸው የለም፤ ውሸትም አይደለም። ከመንገዱ ማዶ መጋዙ ይጮኻል፣ እሳቸው ከመጋዙ በላይ ይጮኻሉ፤ እኛ አንዱንም ሳንሰማ እንበላለን።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ አሟቸው ከሥራ ቀሩ። ምሳችንን ይዘን ተቀመጥን፤ የሚጨቀጭቀን የለም። ያ የምንጣበብበት ጠረጴዛ ሰፋብን።