መርዝ የማይነካው ሰው ጠላ

መርዝ አይነካኝም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ በደርግ ጊዜ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በሚጠረጥርበት በመካነ ሰላም ከተማ። መሪጌታ ጥበቡ አንድ ሥር ስለበሉ ሰውነታቸው መርዝ እንደማይቀበል በየቤቱ ሲያወሩ ኖሩ። ማን ደፍሮ ይሞክራቸው?

የሚካኤልን ዝክር ያወጡ ዕለት፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት እንደ ወጉ ጠላውን መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱና ዋንጫውን ለቀበሌው ሊቀመንበር ዘረጉለት። ሊቀመንበሩ አልተቀበለም።

«መሪጌታ፣ እርስዎን መርዝ ካልነካዎት የእርስዎ መቅመስ ለእኔ ምን ይረባኛል?»

እኛም የተቀዳልንን ቀስ ብለን መሬት አስቀመጥን። መሪጌታን ላብ አጠመቃቸው።

«ሚካኤልን፣ እኔንም ይገድለኛል» ብለው ማሉና ዋንጫውን ራሳቸው ጭልጥ አደረጉት።

ሰው ሁሉ አምኖ ጠጣ። እኔ ግን እንደጠማኝ ቤቴ ገባሁ። ሥሩን በእውነት በልተውት ቢሆንስ?