ኮምፒዩተር የዘረዘረው ጠላዬ

ምስጢር የሚያወጣብን ጠላት አይደለም፤ ለፍተን ያስተማርነው ልጅ ነው! እኔ ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ። የስንቱን ሰው ሕመም አውቄ አንድም ቀን ከአፌ አልወጣም። የራሴን ምስጢር ግን የልጄ ልጅ ሕሊና በአንድ ጣቷ አወጣችው።

ሕሊና ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ታጠናለች። ለመመረቂያዋ የማርያም ማኅበራችንን ድረ ገጽ ልሥራ አለች። አሥራ ሁለት ሴቶች ነን፤ በየወሩ በተራ እንደግሳለን። «እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ኦብጀክት ትሆናላችሁ» ስትለኝ ቅር አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ዕቃ ልሆን?

«እንደ ቤት አስቢው አያቴ። ስምሽ፣ ሰፈርሽ፣ የተራሽ ወር ፐብሊክ ነው፤ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ዕድሜሽና ስልክሽ ፕራይቬት ነው፤ ጓዳ ይቀራል። ከውጭ ሆኖ ዝርዝር ለጠየቀ የሚታየው በረንዳው ብቻ ነው።»

«ጓዳው ለማንም አይታይ?»

«ለማንም!»

«እንግዲያስ ጻፊ።»

ለድግሱ ዝግጅት ብላ በጓዳው በኩል «ጠላ ጠማቂ» የሚል ቦታ አድርጋ ነበር። እውነቱን ነገርኳት። (እናንተም ለሰው እንዳታወሩ!) ጉልበቴ ጋን ማጠን እምቢ ካለኝ ሦስት ዓመት ሆነው። ጠላዬን የምትጠምቅልኝ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው ፀዳ ከተማ የምትኖር ደስታ የምትባል ሴት ናት። በጀሪካን ተሞልቶ፣ በባጃጅ ተጭኖ፣ በጓሮ በር ይገባል፤ እኔ ወደ ጋኔ እገለብጠዋለሁ። ሰው «አይ እጅ!» ሲለኝ አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ። አንገት ዝቅ ማድረግ ውሸት ነው እንዴ?

ተራዬ ደረሰ። ቄሱ ባርከው ከሄዱ በኋላ ስንዱ ብርጭቆዋን ከፍ አደረገች። ስንዱ የሁላችንን ድግስ የምትመዝን ሴት ናት፤ ምስጋናዋ በቀላሉ አይገኝም።

«እንዲህ ያለ ጠላ በጎንደር የቀረው አስናቀች እጅ ላይ ብቻ ነው!»

አንገቴን ዝቅ አደረግሁ። ይኼኔ ሕሊና ኮምፒዩተሯን ከቴሌቪዥኑ አገናኝታ «ድረ ገጹን ላሳያችሁ፤ ከአያቴ ልጀምር» አለች።

ስሜ ወጣ። ሰፈሬ ወጣ። የተራዬ ወር ወጣ... አላቆመም! ዕድሜዬ ወጣ፤ ለማኅበሩ ከነገርኩት በስድስት ይበልጣል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ጠላ ጠማቂ፦ ደስታ፣ ፀዳ።»

ወደ ሕሊና ተጠጋሁ።

«ምነው ልጄ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ወይኔ አያቴ! የዝርዝሩን ትእዛዝ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው የጻፍኩት። ከውስጥ ሆኖ ለጠየቀ ሁሉም ይታያል!»

ስንዱ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለመሆኑ፣ እስከ ዛሬ ስናመሰግን የኖርነው ማንን ነው?»

እናቴ በዚህ ከተማ በጠላዋ የታወቀች ነበረች። እኔ ያንን ስም ነበር በጀሪካን ደግፌ ያቆምኩት።

«የእኔን ክፈቺው!» አለች ስንዱ፤ «እኔ የምደብቀው የለኝም።»

ተከፈተ። ዕድሜዋ ለማኅበሩ ከነገረችው ጋር ልክ! ጠላ ጠማቂ፦ ራሷ። ለወሬ የሚሆን አንድም ነገር የለ። በቃ አለቀልኝ አልኩ።

ቀና ስል ግን እኔን የሚያይ የለም። ሁሉም የሚያዩት ስንዱን ነው! አንዷ «የእኔን ለሌላ ጊዜ» አለች፤ ሌላዋ በነጠላዋ ጫፍ ቴሌቪዥኑን ልትሸፍን ተነሣች። በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እማሆይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አስናቀችስ ደብቃም ቢሆን ለኮምፒዩተሩ ተናዝዛለች። በሰባ ዓመቷ ጓዳዋ ባዶ የሆነች ሴት ግን... እሷ ኮምፒዩተሩንም ያታለለች ናት! በይ ልጄ፣ ከዚያ ከፀዳው ቅጂልኝ።»

ያን ቀን ጋኑ ተሟጠጠ። እኔም ከነጀሪካኔ ተከበርኩ።

ስንዱ ግን ጭንቅ ውስጥ ገባች። ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፤ ስትወጣ ይጀመራል። በሁለተኛው ሳምንት ሕሊናን ፈልጋ ቤቴ መጣች። ጠላዋን ዛሬም ራሷ እንደምትጠምቅ አውቃለሁ፤ እጇ ጌሾ ጌሾ ይሸታል።

«ልጄ፣ የእኔን ትንሽ አስተካክይልኝ። ጠላ ጠማቂ በሚለው ላይ ‹ደስታ፣ ፀዳ› በይልኝ።»

«እሺ እትዬ ስንዱ። ጓዳ ላስቀምጠው?»

«ኧረ በማርያም! በረንዳ ላይ!»