አንድ ኮት፣ ሁለት ወገን

አገር ቤት ሽማግሌ የሚመረጠው በአስተዋይነቱ ነው ይባላል። ካርቱም ውስጥ ግን የሚመረጠው በኮቱ ነው። አትሳቁ። በዚያ ሙቀት ኮት ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ከስንት አንዴ ስለሚገኝ፣ ባለ ኮት የሆነ ሁሉ ለልመናም ለእርቅም ይፈለጋል። እኔ አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ። ጥቂት ሽበትም ጨምሩበት። ከዚህ በላይ ለሽምግልና የሚያበቃ ነገር እንዳልነበረኝ ከእናንተ አልደብቅም።

ነገሩ የሆነው የሱዳኑ ጦርነት ሳይመጣ፣ የገና በዓል ሲቃረብ ነው። መኮንን የሚባል፣ ኦምዱርማን ውስጥ ሪክሻ (እናንተ ባጃጅ የምትሉትን) የሚነዳ ልጅ ቤቴ መጣ። ለአንድ ወቅት ሥራ ብሎ ጁባ ሄዶ፣ ሦስት ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ሚስቱን አስናቀችን ያጣ ሰው ነው። እሷ አል-ሳሃፋ በሚባለው የካርቱም ሰፈር በርበሬና ሽሮ እየሸጠች ራሷን ችላለች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ። በገና ዕለት ደጇ የመጣን ሰው አታባርርም» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንቢ ካለችኝ ግን ሁለተኛ ለመለመን ፊት የለኝም። በዚያው ወደ ጁባ እመለሳለሁ።»

እሺ አልኩ።

በማግስቱ አስናቀች መጣች። ሽማግሌ እንደሚላክባት ሰምታለች፤ ማን እንደሚላክ ግን አልሰማችም። «ጋሼ፣ እዚህ አገር አባት የለኝ፣ ወንድም የለኝ። የእኔ ወገን ሆነው ይቀበሉልኝ።»

«ምን ልበልልሽ?»

«እንቢ ይበሉልኛ! ሦስት ዓመት አስጠብቆኝ በአንድ ቀን ልመና ልገኝ? ‹ተመልሳችሁ ኑ› ይበሏቸው።» በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «ግን አደራ፣ በጣም እንዳያከርሩት። ቶሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ነው።»

እሺ አልኩ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ እንደማይወጣ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ይሉኝታ የሚባል በሽታ አለብኝ። ደግሞም ሁለቱም የነገሩኝ በአደራ ነው። የእሷን ለእሱ ብነግር ምስጢር ማውጣት፤ የእሱን ለእሷ ብነግር ክብሯን ማስጣል። ዝም ብል ደግሞ፣ እሷ ለወጉ ያለችውን እንቢታ እሱ የእውነት ወስዶት ጁባ ሊገባ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ እስከ ገና ሳስብ ከርሜ ያገኘሁት መፍትሔ ኮቴን ማስተኮስ ብቻ ነበር።

የገና ዕለት፣ ልብስ ሰፊው አቶ ታደሰና እኔ በመኮንን ሪክሻ ተጭነን ሄድን። አቶ ታደሰ ደግ ሰው ነው፤ ጆሮው ብቻ ትንሽ ይከብዳል። መኮንን እንደ ደንቡ ደጅ ቀረ፣ ከመስኮቱ ሥር። አስናቀች ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ መሆኔን ስታይ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ፣ አልለየሁም።

ቆሜ ጀመርኩ። ጌታ ሲወለድ በእንግዶች ማረፊያ ስፍራ ታጥቶ እንደነበር፣ ደጅ ለቆመ በሩን የከፈተ እንደሚባረክ፣ ተጸጽቶ የመጣን ሰው መመለስ ከባድ እንደሆነ ተናገርኩ። በራሴ ንግግር የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ። ይህን ሰምቶ እንቢ የሚል ልበ ደንዳና ማነው?

እኔ ነኝ።

ተሻግሬ አስናቀች አጠገብ ተቀመጥኩና፣ «ነገሩን ሰምተናል። ለዛሬ አልሆነም፤ ተመልሳችሁ ኑ» አልኩ።

አቶ ታደሰ አፈጠጠብኝ። «ምን አልክ?»

«አልሆነም!» ብዬ ጮኽኩ፣ ለጆሮው ብዬ።

«አንተ ሰውዬ፣ የማን ወገን ነህ?»

ሳልመልስለት ደጅ የሪክሻው ሞተር ተነሣ።

አስናቀች ተስፈንጥራ ወጣች። ነጠላዋ ወንበሩ ላይ ቀረ፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ክብሯም አብሮት። «አንተ! ወዴት ነው? ‹ተመልሳችሁ ኑ› ተባላችሁ እንጂ ‹ሂዱ› ተባላችሁ?»

«‹አልሆነም› ሲባል ሰማሁ…»

«እኔ ስል ሰማኸኝ? ደግሞ ልትጠፋ! ያላ፣ ግባ!»

ሞተሩ ጠፋ።

በደንቡ፣ ነገር ሲያልቅ ሁለቱ ወገኖች ተነሥተው ይሳሳማሉ። እኔ የምስመው ወገን አጣሁ። ዶሮው ሲቀርብ አስናቀች ፊቴ ሁለት እንቁላል አስቀመጠች፤ አንዱ ለለመነው፣ አንዱ ለከለከለው። በሁለት ቢላዋ መብላት የሚሉት ይህን ከሆነ፣ እኔ በእጄ በላሁት።

ከዚያ ጦርነቱ መጥቶ ሁላችንንም በተነን። ኮቴ ካርቱም ቀረ፤ ሽምግልናዬም አብሮት የቀረ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ገና ግን ከምሥራቅ ሱዳን፣ ከገዳሪፍ ስልክ ተደወለ።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ። ካርቱም እስክትረጋ እዚሁ እንጠብቅ ይበሏት» አለ መኮንን።

«አይስሙት! ጥበቃ በቃኝ። አገራችን እንግባ ይበሉት» አለች አስናቀች፣ ከዚያው ስልክ፣ ከዚያው ክፍል።

ከዚያ ሁለቱም እኩል፦ «ጋሼ፣ የማን ወገን ነዎት?»

አቶ ታደሰ ያን ሁሉ ዘመን ጆሮው ለምን ይከብደው እንደነበር ያኔ ገባኝ።

«ምን አላችሁ?» አልኩ። «አልሰማም።»